አኮ፣ ሬዲዮው እና «አረማውያኑ»

ይኸውላችሁ፣ ጋዜጠኝነት ያጠናሁት አገር የሚያነጋግር ምርመራ ልሠራ ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ግን በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ፣ ከምሳ በኋላ የታክሲ ሹፌሮችና ፀጉር ቤቶች በሚያዳምጡት ፕሮግራም ላይ፣ ከዓለም ዙሪያ ወሬ የምትለቅም የአሥር ደቂቃ ዓምድ ማዘጋጀት ሆነ። ሥራው ምን መሰላችሁ... ከኢንተርኔት አንድ የሚያስገርም ነገር መፈለግ፣ ወደ አማርኛ መመለስ፣ ከጀርባው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ማስገባት፣ ከዚያ «ውድ አድማጮቻችን» ብሎ በተመስጦ ማንበብ። አለቃዬ «የሚያስገርም» የሚለው ነገር ሁሌም ባሕር ማዶ ነው። ሕንድ ውስጥ አይጥ የሚከበርበት ቤተ መቅደስ፣ ስፔን ውስጥ በቲማቲም የሚደባደብ ከተማ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። እኔም አልከፋኝም፤ ደመወዝ ደመወዝ ነው።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ «የፈረንጅ አረማውያን የመኸር በዓል የሚባል ነገር አለ አሉ፤ ለመስከረም 12 እሱን ሥሪልኝ» አለኝና ሄደ። ሠራሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ሌሊቱ እየረዘመ፣ ብርዱ እየገባ ይሄዳል። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ራሳቸውን «ፔጋን» ብለው የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ይህችን ቀን «ሜበን» ይሏታል። ዓመቱን በስምንት በዓላት ከፍለው እንደ መንኮራኩር ያዞሩታል፤ ከስምንቱ ሦስቱ የመኸር ናቸው። አንዱ በኦገስት መግቢያ፣ እህሉ መታጨድ ሲጀምር። ሁለተኛው ሜበን፣ ፍራፍሬው ሲለቀም። ሦስተኛው በኦክቶበር ማብቂያ፣ ከብቱ ከግጦሽ ሲመለስና ሙታን ሲታሰቡ። ፖም፣ ወይን፣ ዳቦ፣ የእህል ዛላ ይደረድራሉ፤ ምድርን ያመሰግናሉ። ስቶንሄንጅ ወደሚባለው የጥንት የድንጋይ ክበብ በዚያች ንጋት ሄደው መሀሉ ላይ ቆመው ፀሐይ ስትወጣ ያያሉ። በሌላው ጊዜ ጎብኚ የሚያልፈው ከድንጋዮቹ ራቅ ብሎ ነው፤ በዓመት አራት ጊዜ ግን ለሕዝብ ይከፈታል። ደግሞ ጥቂት እንዳይመስሏችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው ቆጠራ ወደ 74 ሺህ ሰው ሃይማኖቱን «ፔጋን» ብሎ አስመዝግቧል።

ከሁሉ የወደድኩት የመጨረሻዋን ነዶ ወሬ ነው። በአውሮፓ ብዙ ቦታ የድሮ ገበሬዎች ማሳውን አጭደው ሲጨርሱ የመጨረሻዋን እፍኝ ዛላ እንደ ሌላው አይጥሏትም። አሻንጉሊት አድርገው ይጎነጉኗትና እስከሚቀጥለው ዓመት ቤት ውስጥ ይሰቅሏታል። ጄምስ ፍሬዘር የሚባለው እንግሊዛዊ... ይቅርታ፣ ስኮትላንዳዊ ነው፣ እንግሊዛዊ ብትሏቸው ይቆጣሉ አሉ... እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ከየአገሩ እየለቀመ ጽፎላታል። እህሉ ውስጥ ያለችው መንፈስ መጠጊያ እንዳታጣ ነው ይላል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አንዲት ነዶ ቤት ውስጥ ተሰቅላ የክረምቱን ማለፍ ስትጠብቅ ግን ታየችኝ።

የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? ይህ «ጥንታዊ» የተባለው በዓል ስሙ ከእናቴ ብዙም አይበልጥም። «ሜበን»ን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለቀኗ የለጠፈባት አይዳን ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ስሙን የወሰደው ከዌልስ የመካከለኛው ዘመን ተረት ውስጥ ካለ ገጸ ባሕርይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ዱባና ዳቦ ተደርድሮ የሚከበረው የመኸር ምስጋና፣ አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1843 ወዲህ ነው፤ ኮርንዎል ውስጥ ሮበርት ሀውከር የሚባል ቄስ ነው የጀመረው። ሮናልድ ሃተን የተባለው የታሪክ ምሁር ስለ ዘመናዊዎቹ ፔጋኖች በጻፈው ወፍራም መጽሐፍ፣ ከድሮ የመጣ የሚመስለው ነገር ብዙው የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራ መሆኑን ያሳያል። ሃተን ግን አይስቅባቸውም። እኔ ነኝ ትንሽ የሳቅኩት። ስቱዲዮ ውስጥ ሆኜ፣ በማይክሮፎን።

ከዚያ ፕሮግራሙ አለቀ። በኋላ ቅጂውን ሳዳምጠው «አረማውያን» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ።

ማታ ስልኬ ጠራ። አኮ ናት።

አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የእናቴ እናት ናት። ቢሾፍቱ ትኖራለች፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ «ደብረ ዘይት» ስትል «ቢሾፍቱ»፣ «ቢሾፍቱ» ስትል «ደብረ ዘይት» እየተቀያየረባት ነው። አንቱ ብላት ትቆጣለች፣ «አንቱ ለእንግዳ ነው» ትላለች። አንዲት ባትሪ የምትበላ ሬዲዮ አለቻት፤ እኔ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ የእኔን ዓምድ አንድ ቀን አምልጧት አያውቅም። በዓለም ላይ ካሉኝ አድማጮች የምተማመንባት እሷን ብቻ ነው።

«ዛሬ ስለ ፈረንጆቹ የተናገርሽው እውነት ነው?»

«እውነት ነው አኮ።»

«ድንጋዩ ዘንድ ሄደው ያመሰግናሉ?»

«አዎ።»

«ዳቦና አበባ ይዘው?»

«አዎ አኮ።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «አረማዊ ማለት ምንድን ነው?»

እኔ እቴ፣ ምሩቅ አይደለሁ? ማስረዳት ጀመርኩ። «አረማዊ ማለት... ያው... በእግዚአብሔር የማያምን... ዛፍ፣ ውኃ፣ ተራራ የሚያመልክ...» አልኩና ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። አኮ ዝም አለች። የተቆጣች ዝምታ አልነበረም፤ ልክ ጤፍ ስትለቅም ጠጠር ስታገኝ እንደምትለው ዓይነት ዝምታ ነው። ከዚያ «እሺ፣ እኛ እንግዲህ ሆራ እንወርዳለን፤ አንቺስ ትመጫለሽ ወይስ ሬዲዮ አለብሽ?» አለችኝ።

ለማታውቁ (አዲስ አበባ ተወልዶ የማያውቅ አለ ብዬ ነው?) ሆራ ማለት ሆራ አርሰዲ ነው፤ ከቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች አንዱ። ኢሬቻ የሚከበርበት። ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ፣ ኦሮምኛው «ብራ» የሚለው ወራት ሲገባ፣ ሕዝቡ እርጥብ ሳርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ሳሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ራሱንና አጠገቡ ያለውን ይረጫል፤ ዋቃን ያመሰግናል። ይኼ በውኃ ዳር የሚከበረው ነው፤ ሌላው በተራራ ላይ፣ በበጋው ውስጥ ዝናብ ለመለመን የሚወጣበት ነው። አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፣ ሴቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው ይቀድማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ «የመኸር በዓል» ብዬ ብጽፍ አኮ ታርመኛለች። መስከረም መጨረሻ ላይ የአዳ ጤፍ ገና አረንጓዴ ነው፤ አጨዳው ኅዳር ነው። አጎቴ ቁንጮ የተባለውን ጤፍ ነው የሚዘራው፣ እዚያው ከተማቸው ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን። በኢሬቻ ሰሞን ማሳው ላይ ቆሞ ሲያየው እንደ ተማሪ ፈተና ውጤት የሚጠብቅ ይመስላል። ታዲያ ያልታጨደ እህል ምን ያስመሰግናል? አኮን ጠይቄያት አውቃለሁ። የመለሰችልኝ ስለ እህል አልነበረም። በልጅነቷ ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ ማዶ የተዳረች እህቷን ከሰኔ እስከ መስከረም አታያትም። ትሙት ትኑር አታውቅም። ውኃው ሲጎድል፣ ሰው መሻገር ሲችል፣ «አላችሁ?» «አለን» የሚባባሉት ያን ጊዜ ነው። «እህሉማ ሰው ካለ ይታጨዳል» አለችኝ።

ወደ ቃሉ ልመለስ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና። «አረማዊ»ን መፈለግ ጀመርኩ። ግእዝ ነው፤ ግእዙ ግን ከሶርያ የመጣ ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ በቀላሉ «የአራም ሰው፣ አራማዊ» ነበር። አራማውያን ክርስቲያን ሲሆኑ ያልተጠመቁትን የገዛ ወገኖቻቸውን በድሮው የሕዝባቸው ስም እየጠሩ እነሱ ግን «ሶርያዊ» የሚለውን ያዙ። ቃሉ በዚያ ትርጉሙ እኛ ዘንድ መጣ። ማለትም የአኮ ስድብ መነሻው የሰው ዘር ስም ነው! የፈረንጁ «ፔጋን»ም እንዲሁ ነው። በላቲን «የገጠር ሰው» ማለት ነበር። ክርስትና ከተማ ከተማውን ሲይዝ «ባላገር» ማለት «ያላመነ» ማለት ሆኖ ቀረ። ጣዖትም ከአራማይክ ነው፤ መሳሳት፣ መንገድ መሳት ማለት ነው። ሦስቱንም አስቀምጣችሁ ብታዩዋቸው አንዳቸውም ሰዎቹ ለራሳቸው ያወጡት ስም አይደለም። እንግሊዞቹ ቃሉን አንስተው «አዎ፣ ነን» ብለው ለብሰውታል፤ ምን ይሆናሉ፣ የሚያስፈራቸው የለም። አኮን «አረማዊ ነሽ ወይ?» ብትሏት ግን የማርያም ማኅበሯን ጠላ የጠመቀችበትን ጋን ነው የምታሳያችሁ።

ምክንያቱም አኮ ኦርቶዶክስ ናት። በየወሩ በ21 ቤተ ክርስቲያን አትቀርም። በመስከረም ደግሞ ሆራ ትወርዳለች። ሁለቱን ለማስታረቅ ስትታገል አይቻት አላውቅም፤ እሷ ዘንድ አልተጣሉማ። አንድ ጊዜ «አኮ፣ ግን ዛፉን ታመልኩታላችሁ?» ብዬ እንደ መርማሪ ጋዜጠኛ ጠይቄያት «ዛፉን ማን ያመልካል? ጥላው ሥር እንቀመጣለን እንጂ» ብላ ዘጋችኝ። በነገራችን ላይ የዋቄፈና አማኞችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ዋቃ አንድ ነው፣ ፈጣሪ ነው፣ ውኃውም ዛፉም የሱ ሥራ ነው ይላሉ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በጎጃምና በጎንደር ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ፤ እኛም ቡና ሲፈላ ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፤ ደመራው ወደየት እንደወደቀ ዓይተን የዓመቱን ዕጣ እንገምታለን። ይህን ማንም «አረማዊ» ሲል አልሰማሁም። እኔም ብሆን በሬዲዮ ብዬ አላውቅም።

የተጣሉት እናቴ ዘንድ ነው።

እናቴ ጌታን የተቀበለችው እኔ ገና አፌን ሳልፈታ ነው። ጴንጤ ናት፤ ለሌላው «ፕሮቴስታንት» ይባልላት፣ እሷ ራሷ «ጴንጤ ነኝ» ስትል ትኮራለች። ስለ እናቴ ክፉ እንድታስቡ አልፈልግም። ከአባቴ መጠጥ ያወጣን፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬን የከፈለ፣ የታመመ ቀን ቤታችን ሞልቶ ያደረ የእሷ ጉባኤ ሰው ነው። ግን አኮ አንዲት ጨሌ ነበረቻት፤ ከእናቷ የወረሰቻት፣ ቀይና ጥቁርና ነጭ ዶቃ። አንድ ቀን (እኔ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው) እናቴና ሌሎች ሦስት ሰዎች ቢሾፍቱ ሄደው ጸለዩ፤ ከዚያ ጨሌዋ ከነማስቀመጫዋ ጓሮ ወጥታ ተቃጠለች። አኮ አልከለከለችም። በሩ ላይ ተቀምጣ እኔን ጭኗ ላይ አድርጋ አየች። የማስታውሰው የጭኗን ሙቀት ነው፤ ሌላውን የነገሩኝ ይሁን ያየሁት መለየት አልችልም።

ከዚያ ወዲህ በእናትና ልጅ መካከል ስለ ሆራ አይወራም። እናቴ በመስከረም መጨረሻ ሰሞን ቢሾፍቱ አትደውልም። ከጥቅምት በኋላ ትደውላለች። አኮም አትጠይቃትም። ወንዙ በክረምት ሳይሆን በብራ የሚሞላባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው።

አንድ ዓመት ብቻ ደውላለች።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከአምልኮ ተመልሰን ምሳ ልንበላ ስንል ጎረቤት መጥታ «ቢሾፍቱ ሰው አለቀ አሉ» አለች። በዓሉ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ፣ ሕዝቡ ሲሸሽ በገደልና በቦይ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ወድቆ ነው። በመንግሥት ቁጥር እንኳን ከሃምሳ በላይ ሰው ሞቷል፤ ተቃዋሚዎችና የመብት ተሟጋቾች ከዚያ እጅግ ይበልጣል ብለዋል። ያን ሰዓት ግን ቁጥር አልነበረንም። ስልክ አይሠራም። እናቴ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ደወለች። ከዚያ ሳሎኑ መሀል ተንበርክካ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። እናቴ ከእኛ ጋር የምትጸልየው በአማርኛ ነው። ያን ቀን ግን በኦሮምኛ ነበር፣ «ዋቃዮ፣ ዋቃዮ» እያለች።

በኋላ ነው ይህ ነገር የገባኝ። አናሲሞስ ነሲብና ጓደኞቹ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሱ (እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል፤ አስቴር ጋኖ የምትባል ሴትም ብዙ የደከመችበት ነው) ለእግዚአብሔር ስም ሲፈልጉ ሌላ ቃል አላመጡም፤ ሕዝቡ በየወንዙ ዳር ሲጠራው የኖረውን ስም ወሰዱ። እናቴ ሳሎናችን ውስጥ ተንበርክካ የምትጠራው ስምና ሆራ ዳር ሰው ሲወድቅ የሚጠራው ስም አንድ ነበር። እሷ ይህን ታውቅ ኖሯል? መቼም አላውቅም አትልም፤ ኦሮምኛ አፍ የፈታችበት ነው።

አኮ ወደ ማታ ጎረቤት ስልክ ላይ ተገኘች። ደህና ናት። ሳሩ በእጇ እንዳለ፣ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ፣ በባዶ እግሯ በጓሮ በጓሮ ቤቷ ገብታ ነው። እናቴ ስልኩን ይዛ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ የተናገረችው ግን «ጫማሽን አግኝተሻል?» ብቻ ነው። ሌላ ቃል አልመጣላትም። በሳምንቱ በሰው እጅ አዲስ ጫማ ላከችላት። ስለዚያ ቀንም ከዚያ በኋላ አይወራም።

እና እንግዲህ አኮ «ትመጫለሽ ወይ?» ስትለኝ ይህ ሁሉ ነበር የመጣብኝ። ሰባ ምናምን ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ያማታል። ብቻዋን አልልካትም። ለእናቴ ደግሞ ምን ብዬ? «ለሥራ ነው» አልኳት። ጋዜጠኛ መሆን ጥቅሙ ይኼ ነው፤ የፈለግሽበት ብትሄጂ «ለሥራ ነው» ትያለሽ።

ቅዳሜ ማታ ቢሾፍቱ ደረስኩ። አኮ ሳሩን ከአጎቴ ማሳ ዳር አስመጥታ፣ እርጥብ ጨርቅ ሸፍና አሳድራዋለች። ጠዋት ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። ነጭ የአገር ልብሷን ለብሳለች፤ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየችኝና «ሱሪ ነው የለበስሽው?» አለች፤ የራሷን ነጠላ አምጥታ ጣለችብኝ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ሕዝብ፣ ፍተሻ፣ ሕዝብ፣ ዳግመኛ ፍተሻ። በየመሀሉ ስፖንሰር ያደረጉ ድርጅቶች ባነር። በየሜትሩ ራሱን ፎቶ የሚያነሳ ወጣት፤ ፀጉር ቤት አድራ የመጣች ቆንጆ ሁሉ አለች። ትንሽ አናደደኝ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባም ውስጥ በይፋ ስለሚከበር ብዙው የከተማ ልጅ የመጣው «ኮንሰርት አለ» ብሎ ይመስላል። ከእናቴ ጉባኤ የማውቀው አንድ ልጅ እንኳን አገኘሁ! ደንገጥ ብሎ «ባህል ነው እኮ፣ ሃይማኖት አይደለም» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። አኮ አማርኛው ገብቷት «ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ። ስነግራት ሳቀች። ልጁን መረቀችው ደግሞ።

ውኃው ጋ ስንደርስ ግን ተናዳጅነቴ ለቀቀኝ። እንዴት ልንገራችሁ... ሕዝቡ ወደ ሐይቁ ሲቃረብ ድምፁ ይለወጣል። አኮ ክንዴን ይዛ በዳገቱ ቁልቁል ቀስ ብላ ወረደች፤ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች። ምንም አልተናገረችም፤ እዚያ ቦታ ነበር ብዬ ገመትኩ፣ አልጠየቅኋትም። እግሯን አየሁ። ጫማዋን በገመድ አስራዋለች፤ እንደ ልጅ ጫማ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ዞሮ የታሰረ።

ውኃው ዳር ጎንበስ ብላ ሳሩን ነከረች። ራሷን ረጨች፣ እኔን ረጨች፣ ከአጠገባችን የነበረ የማናውቀውን ወታደር መሰል ሰውዬ ረጨች፤ እሱም ራሱን ጎንበስ አደረገ። ከዚያ ስም መጥራት ጀመረች። የልጆቿን ስም ነው፤ ያሉትንም የሞቱትንም፣ በቅደም ተከተል። እናቴ ላይ ስትደርስ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርታ ሳሩን ሁለት ጊዜ ነከረችው። ከጉያዋ ደግሞ አንዲት ነገር አወጣች። ዶቃ ናት፤ ግማሿ የጠቆረ። ዶቃ መስታወት ነው፣ በጓሮ እሳት ተቃጥሎ አያልቅም፤ እሷ በማግስቱ አመዱን ወንፍታ የተረፉትን ለቅማለች። ሃያ ዓመት ይዛት ኖራለች። ሐይቁ ውኃ አስነክታ መልሳ ከጉያዋ አገባቻት። ሲያልቅ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ «አለን» አለች።

እኔ? እኔ ያን ጊዜ አማኝ ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። የማምነውን በደንብ አላውቀውም፤ የዕድሜ እኩዮቼ አብዛኛዎቻችሁም እንዲሁ ሳትሆኑ አትቀሩም። ነጠላው ከርጥበቱ የተነሳ ከፊቴ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ ስልኬ ውኃ ገብቶበታል። የመጨረሻዋን ነዶ አሰብኳት፣ ቤት ውስጥ የምትሰቀለዋን። በሬዲዮ ስለሷ ሳወራ እንዴት ያለ ድምፅ እንደነበረኝም አሰብኩ።

ሰኞ ሥራ ገብቼ አለቃዬን «ባለፈው ያቀረብነውን ማስተካከያ ልሥራበት፤ ቃሉ ትክክል አይደለም፤ ደግሞ ስለ ሆራ አንድ ዓምድ ልሥራ» አልኩት። አየኝ። «የፈረንጁ መዝናኛ ነው፤ ያንቺው ፖለቲካ ነው» አለኝ። ተከራከርኩት። ተሸነፍኩ። የዚያን ቀን ዓምድ ጃፓን ውስጥ ድመት የሚያስቀምጡ ካፌዎች ነበሩ። ይህን እዚህ የምጽፈውም ለዚያ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሊሰጠኝ ያልፈለገውን እናንተ እያነበባችሁልኝ ነው።

ከሆራ የተመለስኩት ግን እሑድ ማታ ነው፤ የሆነውን ሳልነግራችሁ ወደ ሰኞ ዘለልኩ። አኮ የሳሩን ግማሽ ሰጥታኝ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቤት ስገባ እናቴ ኩሽና ነበረች። የአጎቴ ልጅ እኔና አኮ ውኃው ዳር የተነሳነውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል፤ ከጉባኤው አንዷ ለእናቴ ልካላታለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፣ ፎቶው ላይ። እኔ ነጠላ ለብሼ፣ አኮ ሳር ይዛ።

«ለሥራ ነበር» አልኩ፣ ሳትጠይቀኝ። እንደዚያ የጉባኤ ልጅ።

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። ቦርሳዬን አየች፤ የሳሩ ጫፍ በዚፑ በኩል ወጥቷል። የምትጥለው መስሎኝ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ስልኩን አነሳች፣ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ አጎላችው። እኔን አይደለም፣ ፊቱንም አይደለም፤ ወደ ታች ነው የሳበችው፣ ወደ እግሩ። ፎቶው ግን ከጉልበት በታች አይታይም።

«ጫማዋስ?» አለችኝ።

«ሁለቱም እግሯ ላይ ናቸው» አልኳት። «በገመድ አስራቸዋለች።»